አራት ሰዓት ያልኩት መንገድ

በጉዞ ወኪል ቢሮ ሥራ የጀመርኩት ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በመጣን በሁለተኛው ዓመት ነው። ቂርያት ጋት በምትባል ከተማ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ የግድግዳ ካርታ ያላት ክፍል ነበረች። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ሞሪስ፣ "አዲስ አበባ ከቴል አቪቭ ስንት ይርቃል?" አለኝ።

"አራት ሰዓት።"

"ኪሎ ሜትሩን ነው የጠየቅሁሽ" ብሎ ማስመሪያ ሰጠኝ። ካርታው ላይ ለካሁ፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ገደማ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ! ሞሪስ ትኬት ይቆርጣል፣ እኔ ለደንበኛው በአማርኛ አስረዳለሁ። የጠየቀኝን ሁሉ፣ ያልጠየቀኝንም ጭምር፣ "ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ አራት ሰዓት" እለው ነበር።

አንድ ቀን አባ ቅንዴ መጡ። በሱዳን በኩል የገቡ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። አዲስ አበባ የቀረ ታላቅ ወንድማቸውን ዘጠኝ ዓመት አላዩትም።

"ዓይኑ እየደከመ ነው አሉ። ሳይጠፋ ፊቴን ይይልኝ" አሉኝ። ቀጥለውም "ዓርብ ብነሳ፣ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሳይገባ እደርሳለሁ?" ብለው ጠየቁ።

"ጠዋት ተነሥተው ለምሳ ይደርሳሉ፣ አባ።"

"ወረቀቱን አይተሻል?"

ሞሪስ ትኬቱን በፖስታ አሽጎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦታል። "እኔ ራሴ የበረርኩበትን መንገድ ምን ወረቀት ያሻዋል!" ብዬ እንደታሸገ ሰጠኋቸው። አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶቻቸውም ስልክ ደውዬ ዓርብ ቀን እንዲቀበሏቸው ነገርኩ።

ዓርብ እኩለ ቀን፣ ቢሮ ልንዘጋ ስንል ስልክ ጮኸ። ሞሪስ አነሣ፣ ፊቱ ቀላ፣ መነጋገሪያውን ወረወረልኝ። አባ ቅንዴ ናቸው፣ ከአቴንስ።

"ልጄ፣ አዲስ አበባ ያልሽኝ ይሄ ነው? አንድ የማውቀው ፊት አጣሁበት።"

ለካ ትኬቱ በአቴንስ በኩል ነው! የሚቀጥለው አውሮፕላን አዲስ አበባ የሚያደርሳቸው ማታ ነው።

"አባ፣ እባክዎ ይሳፈሩ! ወንድምዎ እየጠበቁዎት ነው።"

"ሰንበት ሲገባ አየር ላይ አልገኝም። ዳቦዬን ይዣለሁ፣ እዚሁ እውላለሁ።"

"ወንድምዎ ይደነግጣሉ እኮ!"

"ወንድሜን አንቺ ነሽ የምታውቂው?"

ሞሪስ በስልክ ለምኖ ትኬቱን ወደ እሁድ አዛወረው። ዘመዶቻቸውን ግን፣ ሊቀበሏቸው ወጥተው ነበርና፣ በስልክ ማግኘት አልቻልንም። ያን ቅዳሜ እህል በአፌ አልዞረም፤ ወንድማቸው "አባ ቅንዴ ሞተ" ብለው ሲያለቅሱ ይታየኝ ነበር።

አባ ቅንዴ በወሩ ተመለሱ። ቀጥታ ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው ተቀመጡ። ወንድማቸው ዓርብ አውሮፕላን ማረፊያ ሲጠብቁ ውለው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጆቻቸውን "ተነሡ፣ እንሂድ። ወንድሜ በሰንበት አይመጣም፤ እሁድ እንመለሳለን" ብለዋቸዋል። ልጆቹ የማታውን አውሮፕላን እንጠብቅ ቢሉ እሳቸው እምቢ አሉ። እሁድ ከሁሉም ቀድመው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"አዩዎት?" አልኩ።

"አየኝ። 'አርጅተሃል' አለኝ፣ ዓይኑ ደኅና ነው!"

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየመጡ ደንበኞች መሃል ይቀመጡና፣ "ፖስታውን አስከፍቷት፤ ይቺ ልጅ በማስመሪያ ነው የምትበር" ይላሉ። ቢሮው በሳቅ ይሞላል፣ እኔም እከፍታለሁ።

ሃያ ምናምን ዓመት ሠራሁ። ከእኔ በኋላ ለገቡት ሁሉ የማስተምረው ይህንን ብቻ ነው፦ ፖስታውን ከፍታችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ተናገሩ።