አባዬ የሚቀምሰው ፋጉሎ

አባቴ ለላሞቹ መኖ ሳይቀምስ ሰጥቶ አያውቅም ነበር። ፉርሽካውን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ ጣል ያደርጋል። ከዘይት መጭመቂያ የሚመጣውን ፋጉሎ ያሸታል፣ ያኝካል፣ ይተፋል። "ላም አትናገርም፤ እኔ ካልቀመስኩላት ማን ይቅመስላት?" ይል ነበር። እናቴ "የኔን ምሳ እንዲህ አጣጥሞልኝ አያውቅም!" እያለች ትስቅበታለች። ጎረቤቶች ሳይቀሩ ጆንያ ተሸክመው "እስቲ ቅመስልን" ብለው ይመጡ ነበር።

እናቴ ካረፈች በኋላ ከላሞቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ሙሽሪትን ሆነ። ስሟን ያወጣችላት፣ ጥጃ ሳለች በጡጦ ያሳደገቻት እናቴ ነበረች። ዘንድሮ አባቴን ክፉ ትኩሳት ይዞት ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ዋለ። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍ፣ "ካቃተህ ሙሽሪትን እንሸጣታለን" አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይህን ባልኩት በሦስተኛው ቀን ተነስቶ በረት ገባ፤ ቆነጠረ፣ ቀመሰ፣ "ጥሩ ነው" አለ። እኔም ዳነልኝ ብዬ ተደሰትኩ።

ከወር በኋላ ሙሽሪት መብላት አቆመች። ጽንሷን አስወረደች፤ በማግስቱ ሞተች። የጠራሁት የእንስሳት ሐኪም በረቱ ውስጥ ጣሪያው የሚያፈስበት ጥግ ወደ ቆመው ጆንያ ሄደና የተፈጨውን ፋጉሎ ሲከፍተው አፍንጫውን ያዘ።

"ሻግቷል እኮ! ሽታው ከበር ነው የሚቀበለው።"

ደሜ ፈላ። እኔ በረት የምገባው ከስንት አንዴ ነው፤ እሱ ግን በቀን ሦስቴ ይገባል።

"ምን ነካህ አባዬ? አፍንጫህን የት ጥለኸው ነው?" ብዬ ሐኪሙ ፊት ጮኽኩበት።

እሱ የሙሽሪትን ገመድ ይጠቀልል ነበር።

በንዴት ምሳ ሠራሁ። ሾርባውን አቀረብኩለት፤ ሁለት ማንኪያ ጠጣና እንደ ወትሮው "እጅሽ ይባረክ፣ ልክ ነው" አለኝ። እኔ ስቀምሰው ጨው የሚባል ነገር አልነካውም። ቀና ብዬ አየሁት።

"አባዬ፣ ጨው እኮ የለውም።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ከትኩሳቱ ወዲህ ሽታም ጣዕምም የለኝም" አለ ቀስ ብሎ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ካቃተህ እንሸጣታለን ብለሽኝ የለ?"

ልቤ ስብር አለ። እየቀመሰ "ጥሩ ነው" ያለባቸው ጠዋቶች ሁሉ ታወሱኝ። ጨው ላመጣ ብድግ አልኩና መልሼ ተቀመጥኩ። ሾርባውን እንዳለ አብሬው ጠጣሁት።