በድምፅ ብልጫ የተመረጠው አዳፕተር

የኤሌክትሪክ ነገር እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሰው ቮልት፣ አምፔር ሲል ራሴን እነቀንቃለሁ እንጂ አንዱንም ከአንዱ አልለይም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «እያወቀ ነው ያደረገው» የሚል እንዳይመጣብኝ ነው። እያወቅኩ ያደረግኩትም አለ፤ እሱንም እደርስበታለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ወደ መጨረሻው ገደማ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ቀበሌ የወጣቶች ክበብ የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ እወለውላለሁ፣ ቴሌቪዥን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ይሁንና ያቺ ሥራ ነፍሴ ነበረች። የብሔራዊ ውትድርና ስም ዝርዝር የሚወጣው ከቀበሌው ነው፤ ሊቀመንበራችን ደግሞ «ክበቡ ያለ እሱ አይንቀሳቀስም» እያለ ሁለት ዙር ስሜን ዘሎልኛል። ክፍሏ ከተዘጋች በሦስተኛው ዙር የምሄደው እኔ ነኝ።

የክበቡን ጋዜጣ ማንበቢያ የሚይዘው ጓደኛዬ ነበር። የአንኮበር ቄስ ልጅ ነው፤ ለትምህርት መጥቶ እዚያው የቀረ። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። የተጻፈ ነገር ያምናል። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ «ከምግብ በኋላ» የሚል ካለ፣ ምግብ በጠፋ ቀን መድኃኒቱንም አይውጥም። እስቃለሁ፣ አንዳንዴም እናደድበታለሁ፤ እሱ ግን እቴ፣ ንቅንቅ የለም።

አንድ ጊዜ ከወዳጅ አገር የመጡ የወጣት ልዑካን ለክበቡ ኮምፒዩተር ሰጥተው ሄዱ። እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፍ የተደረደረባት ጠፍጣፋ ነገር ናት፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር ስትገናኝ ጨዋታ ታጫውታለች። ከላይ የሚወርዱ አውሮፕላኖችን ከታች ሆኖ መምታት ነው። ወጣቱ በር ሰብሮ ሊገባ ሆነ። ሊቀመንበሩ አንድ ቀን ቆሞ አየና «ይሄማ የአየር መቃወሚያ ሥልጠና ነው» አለ፤ ከዚያ ወዲያ በየሪፖርቱ እንደዚያው ተጻፈ። የምጽፈውም እኔ ነኝ።

ሊቀመንበሩ አንድ በሽታ ነበረበት፤ የንብረት ቁጥር። ክበቡ የገባ ነገር ሁሉ በቀይ የዘይት ቀለም ቁጥር ይጻፍበታል። ወንበር፣ ከበሮ፣ የፒንግ ፖንግ ራኬት ሳይቀር። ኮምፒዩተሯንም ገልብጦ ሆዷ ላይ ጻፈባት። ግድግዳ ላይ የሚሰካው፣ መብራቱን አሳንሶ የሚሰጣት ጥቁር አዳፕተር ላይም ጻፈ። ሁለቱም ላይ ትንንሽ የፈረንጅ ጽሑፍ ነበረ፤ ቁጥሩ ያረፈው እላዩ ላይ ነው። ማን ልብ አለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደና በኃይል ተመልሶ መጣ። አዳፕተሩ ጢስ አወጣ፣ ቀለጠ፣ አለቀ። በሳምንቱ የአውራጃ ኃላፊዎች ክበቡን ሊጎበኙ ነው፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ የአየር መቃወሚያውን ነገር አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ጠራኝና «ጓድ፣ ያን ቀን ካልሠራ እኔም አንተን አላውቅህም» አለኝ።

ገበያው ዳር ኤሌክትሪክ ነክ ዕቃ የሚሸጡ አንድ የአልዩ አምባ ሰው ነበሩ። ከቆላ ወጥተው የደብረ ብርሃንን ብርድ ያልለመዱ፣ ሁልጊዜ ተጠቅልለው የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት አዳፕተር አወጡልኝ፤ አንዱ ትልቅ፣ ባለ አሥራ ሁለት ቮልት፣ አንዱ ትንሽ፣ ባለ ዘጠኝ።

«የትኛው ነው የሚሆነው አባቴ?»

«ወላሂ ልጄ፣ እኔ የምሸጠውን እንጂ ያንተ ማሽን የምትበላውን በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

ከዚያ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። እሱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጨመረብኝ፤ «የሶኬቱ ጫፍ ፕላሱ ከውስጥ ነው ከውጭ?» ውስጥ ምን፣ ውጭ ምን? ለአንድ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ወጥቼ በሁለት ጥያቄ ተመለስኩ።

ሊቀመንበሩ ነገሩ ለአንድ ሰው የሚተው አይደለም ብሎ ኮሚቴውን ሰበሰበ። ሰባት ነን። ጠጋኙ በባለሙያነት ተጠራ። ማሽኗን ገልብጦ አያትና «ጽሑፉ እዚህ ቀለም ሥር ነው። ይፋቅና እንየው» አለ። የመንግሥት ንብረት ቁጥር መፋቅ አሻጥር ነው፤ ያን ጊዜ አሻጥር የሚለው ቃል ሰው ይበላ ነበር። ሊቀመንበሩ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» አለ፤ ጠጋኙም ኮፍያውን አንስቶ ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ።

ከዚያ ክርክር ሆነላችሁ። አንዷ ጓድ «ዕቃው የመጣው ከብርድ አገር ነው፣ የእኛም አገር ብርድ ነው፣ ጉልበት ያለው ይሻላል» አለች። አንዱ «ትንሹ ለሬዲዮ ነው፤ ይሄ ደግሞ ሬዲዮ አይደለም» አለ። እኔ የማስበውን አላውቅም። ሁሉም ሲናገር እውነት ይመስለኛል። በመጨረሻ በእጅ ድምፅ ተሰጠ፤ አምስት ለአሥራ ሁለት፣ ሁለት ድምፀ ተአቅቦ። ከአምስቱ አንዱ እጅ የእኔ ነው። «ባለ አሥራ ሁለት ቮልቱ በድምፅ ብልጫ ተመርጧል» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩ፤ ተፈራርመን ወጣን። ትልቁ ተገዛ፣ ቀይ ቁጥርም ተጻፈበት።

ግን አላስቻለኝም። ማሽኗ በአሥራ ሁለት ብትቃጠል ጥፋቱ የኮሚቴው ነው፣ ቃለ ጉባኤ አለኝ፤ ክፍሏ ግን ያው መዘጋቷ ነው፣ እኔም መሄዴ ነው። ቅዳሜ ሰው ሁሉ ገበያ ሲወጣ ክበቡን ከውስጥ ዘግቼ ማሽኗን ገለበጥኩና በላምባ በተነከረ ጨርቅ ቁጥሩን መጥረግ ጀመርኩ። ከቀዩ ሥር ዘጠኝ ቁጥር ወጣች። ከጎኗ አንዲት ክብ ሥዕል፣ ፕላስና ማይነስ የተሰመረባት። ሥዕሏን በወረቀት ገልብጬ፣ ቁጥሩን ከመጋዘን ባመጣሁት ቀይ ቀለም መልሼ ጻፍኩት። ከሊቀመንበሩ ጽሕፈት ትንሽ ወፈር አለ፤ ማንም አላየውም።

ትንሹን አዳፕተር ከሽማግሌው በደብረ ብርሃን ብርድ ልብሴ ለወጥኩት። ጠጋኙ ወረቀቱን አይቶ ሽቦዎቹን አቀያየረልኝ፤ ከየት አየኸው አላለኝም። ጓደኛዬ ብርድ ልብሴ የት እንደገባ ሲጠይቀኝ «ለእናቴ ላክሁላት» አልኩት። «ደግ አደረግህ» ብሎ ጋቢውን አካፈለኝ። ያን ክረምት በሙሉ በእሱ ጋቢ ነው የተኛሁት።

በጉብኝቱ ቀን ባለ አሥራ ሁለቱ ከነቀይ ቁጥሩ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ሽቦው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከምንም ጋር ግን አይገናኝም። የሚሠራው ትንሹ ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ጨርቅ ለብሶ። አውሮፕላኖቹ ወረዱ፣ ኃላፊዎቹ አጨበጨቡ። ሊቀመንበሩ በማግሥቱ አስጻፈኝ፦ «በኮሚቴው የተመረጠው ባለ አሥራ ሁለት ቮልት አዳፕተር በተግባር ተፈትኖ ብቃቱ ተረጋግጧል።» ጻፍኩ። ምን ልበል? እንዲያውም ሳቄ መጥቶ ነበር። አራት ወር ሙሉ በዚህ ዓይነት ሠራን።

ከዚያ እዚያው ከተማው ውስጥ ያለው መምህራን ማሠልጠኛ ተቀበለኝና ከዝርዝሩ በሌላ በር ወጣሁ። ክፍሏን የሚረከበኝ ጓደኛዬ ሆነ። በርክክቡ ዕለት ሊቀመንበሩ መሃላችን ቆሞ ከመዝገቡ ያነባል፤ ማሽን አንድ፣ ቴሌቪዥን አንድ፣ አዳፕተር ባለ አሥራ ሁለት አንድ። ትንሹ መዝገብ ላይ የለም፤ ጠዋት ነቅዬ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ብቻችንን ስንሆን ሰጥቼ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ዕቃዬን ይዤ ማሠልጠኛው ማደሪያ ገባሁ። ነገ ብዬ አሳደርኩት፤ በነገውም ነገ አልኩ።

ከማሠልጠኛው እስከ ክበቡ አሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ተምታቶብኝ ነው ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ አባብያለሁ፤ ፈርቼ ነው። ከነገርኩት ስለፋቅኩት ቁጥር መንገር አለብኝ፣ እሱ ደግሞ ቢጠይቁት መዋሸት አያውቅም። ትልቁም ቢሆን ይሠራ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ኮሚቴው በሙሉ ተሳስቶ እኔ ብቻ ልክ የምሆነው እንዴት ነው?

በሦስተኛው ቀን ማሽኗ ተቃጠለች። ጓደኛዬ ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ «በተጻፈው መሠረት ነው የሰካሁት» ብሎ ተከራከረ አሉ። እነሱም ከዚያው መዝገብ ሁለተኛውን ገጽ አነበቡለት፤ አራት ወር የሠራ፣ በተግባር ተፈትኖ የተረጋገጠ አዳፕተር ነው፤ አንተ ጋ ሲደርስ ምን ነካው? በእኔ የእጅ ጽሑፍ አፉን አስያዙት። በዚያው ዙር ስሙ ወጣ። የሰማሁት ጭነው ከወሰዷቸው በኋላ ነው። ከመሄዱ በፊት ጋቢውን ማደሪያው ዘበኛ ጋ ትቶልኛል።

መንግሥት ተለውጦ፣ እኔም አስተማሪ ሆኜ፣ አንድ ጠዋት መናኸሪያው ላይ አገኘሁት። ከስቷል፣ ግራ እግሩን ይጎትታል፤ የአንኮበር መኪና እየጠበቀ ነው። ተቃቅፈን ቆየን። ሻይ ቤት ገባን።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትስቅብኝ» አለኝ። «ያ ባለ አሥራ ሁለቱ ላንተ አራት ወር ሠራ፣ ለእኔ በሦስተኛው ቀን አቃጠላት። ምኑን ነው ያጠፋሁት? ምሽግ ውስጥ ተቀምጬ እንኳ እሱን አስባለሁ። አሰካኬን ሁሉ አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ፤ ጥፋቴ ግን ጠፋኝ።»

ትንሹ አዳፕተር ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ያኔም ነበረ። አፌን ከፈትኩ። እዚያች ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ፤ የወጣኝ ግን «እንጃ፤ እኔም ግራ እንደገባኝ ነው የኖርኩት» የሚል ነው።

በረጅሙ ተነፈሰ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሲለቀው አየሁ።

«ተመስገን» አለ። «አንተም ካልገባህ የእኔ ጥፋት አልነበረም ማለት ነው።»

መኪናው ጡሩንባ ነፋ። ሻዬን እስክጨርስ ጠበቀኝና ተነሣ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስላየ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ «አይዞህ፣ አለፈ እኮ» ብሎኝ ወጣ።