የመርሳ ወፍጮ በሞንታርቦ

እናቴ ለዓይኗ ሞራ ቀዶ ጥገና ከመርሳ ወልድያ ስትመጣ እኔን ያስጨነቀኝ ቀዶ ጥገናው አልነበረም፤ ሞንታርቦው ነበር። የተከራየሁት አንድ ክፍል ቤት ነው። ግማሹን አልጋዬ፣ ግማሹን ከሠርግ ሙዚቃ አከራይ አሮጌውን የገዛሁት ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይዞታል። ቀን ቢሮ እውላለሁ፣ ከቢሮ መልስ ሙዚቃ እሠራለሁ። ሙዚቃ የምንለው ግን እኔና በኢንተርኔት የማውቃቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ነን።

ዜማ የለውም፣ ምት የለውም፣ ዘፋኝ የለውም። ሲጮህ ኖይዝ ይሉታል፣ ረጋና ጨለም ሲል ደግሞ ዳርክ አምቢየንት። እኔ ጉርምርምታ እለዋለሁ። ሲሪንቃ መንገድ ዳር የሚያዛዝም ትራንስፎርመር፣ ውርጌሳ ላይ ማርሽ ሲቀይር የሚያቃስት የጭነት መኪና፣ ዝናብ የሚቀጠቅጠው ቆርቆሮ፤ ያገኘሁትን በስልኬ ቀድቼ ኮምፒውተር ላይ አዘገየዋለሁ፣ እደራርበዋለሁ። አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ሰምቶ፣ "በአምባሰልና በትዝታ አገር ተወልደሽ ጀነሬተር ታዘፍኛለሽ?" አለኝ። ይበል። ሆዴ ውስጥ ያለውን ፍርሃት በትዝታ ላወጣው ሞክሬያለሁ፣ እንቢ አለኝ። በጉርምርምታ ሲሆን ግን ይወጣና ጆሮዬ ላይ ይቀመጣል፣ እኔም ትንሽ እተነፍሳለሁ።

ችግሩ እናቴ ናት። ከጦርነቱ ወዲህ ዝቅ ብሎ የሚያዛዝም ድምፅ አትችልም። ያኔ መርሳ ላይ ድሮን ተሰማ ሲባል ሴቶቹ እሳት ያጠፋሉ፣ ነጭ ልብስ ከገመድ ያነሳሉ፣ ልጅ ያስገባሉ። ጭስና ነጭ ነገር ከላይ ይታያል ተብሎ ነው። እውነት ይሁን አይሁን ማን ያውቃል፣ ሁሉም ያደርገው ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ ነጭ ልብስ የምታሰጣው ቤት ውስጥ ነው፣ ስሙንም አትጠራውም፤ "ያ ነገር" ነው የምትለው።

ሐኪሙ አንድ ዓይኗን በፋሻ ሸፍኖ ሲያሰናብታት፣ "አያጎንብሱ፣ ከባድ አያንሱ፣ አይደንግጡ" አላት። የመጨረሻውን ለእኔ የተናገረው መሰለኝ። ሰው ቢሆን እንዲህ ባለ ጊዜ ጉርምርምታውን ይተወዋል። እኔ አልተውኩትም፤ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ፣ እሷ ስትገላበጥ ቆም እያልኩ፣ እሠራ ነበር። የጆሮ ማዳመጫው ከተነቀለ ድምፁ በቀጥታ ወደ ሞንታርቦው እንደሚሄድ አውቃለሁ። ገመዱን በቀን ስንቴ እንደምነካካው እኔ ነኝ የማውቀው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና ነገሩ፣ ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እሷ የዱዓ መቁጠሪያዋን፣ ሙስበሃዋን፣ ይዛ ጋደም ብላለች። ደጅ ከሰል ላይ ሽሮ ጥጃለሁ፣ አንሶላ አጥቤ አስጥቻለሁ። ሽሮውን ላማስል ብድግ ስል ገመዱ እግሬን ጠለፈኝና ተነቀለ። ጉርምርምታው ቤቱን ሞላው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ።

እናቴ "ቢስሚላህ" ብላ ተነሳች፣ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች፣ የጆጉን ውኃ አንስታ ከሰሉ ላይ ቸለሰችው፣ ሽሮዬንም ጨምራ። ከዚያ አንሶላውን ከገመድ ጎተተች፤ ጫፉ መሬት ላይ ሲወድቅ ልታነሳው አጎነበሰች። የቤት አከራዬም ልጇን በክንዷ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ስትሮጥ አየሁ። ድምፁን ልዝጋ ወይስ እናቴን ልያዝ? እናቴን ያዝኳት።

"እማ፣ እኔ ነኝ። የእኔ ሥራ ነው።"

"ዝም በይ፣ ግቢ።"

"ወላሂ የእኔ ነው። ነይ ላሳይሽ።"

አስገባኋትና እጇን የሞንታርቦው ማዞሪያ ላይ አድርጌ አብሬያት ወደ ግራ አዞርኩት። ጸጥ አለ። ፋሻዋን ሳየው ደረቅ ነው።

"ማን ዘጋው?" አለች።

"አንቺ።"

አላመነችኝም። ራሷ ወደ ቀኝ አዞረችው፣ መጣ፤ ትከሻዋ ተሰበሰበ። ወደ ግራ አዞረችው፣ ሄደ። ደግማ ደጋግማ ሞከረችው። ከዚያ ቁጭ ብላ ከምን እንደሠራሁት ጠየቀችኝ። ከመርሳው የሰፈራችን ወፍጮ ነው አልኳትና ያላዘገየሁትን ቅጂ አሰማኋት። ወፍጮው መነሳቱን አገር እንዲሰማ ጭስ ማውጫው ላይ ጣሳ ደፍተውበታል፣ ቱክ ቱክ ይላል። እናቴ ሳቀች።

"እህል የሚፈጨውን ወስደሽ ነው ሰው የምታስፈጪበት?"

የቤት አከራዬ ግን አልሳቀችም። በር ላይ ቆማ፣ "እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ልጥሽን እቤትሽ ያዢልን" አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ እውነቷን ነው።

ከዚያን ቀን በኋላ እናቴ ማታ ማታ ሞንታርቦው አጠገብ ትቀመጥና "እስቲ አምጪው" ትላለች። ቀስ አድርጌ እከፍትላታለሁ፣ ትንሽ ትሰማዋለች፣ ከዚያ በራሷ እጅ ትዘጋዋለች። "ይኼኛው ይታዘዛል" ትለኛለች። ደስ አለኝ፤ ወደ መርሳ ስትመለስ እንግዲህ አትደነግጥም ብዬ። ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። ያስተማርኳት ስለ ሞንታርቦው እንጂ ስለ ሰማዩ አይደለም።

ፋሻው ተነሳ፣ ዓይኗ አልሀምዱሊላህ ደህና ሆነ። ልትሄድ ዋዜማው ላይ እኔ ደጅ ከሰል አያይዤ ልብስ አጥባለሁ፣ እሷ ውስጥ ጋደም ብላለች።

"ዝጊው እንግዲህ፣ ዛሬስ አስረዘምሽው" አለችኝ፣ በእርጋታ።

እጄ አረፋው ውስጥ ቀረ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም። ጆሮዬን ሰጠሁ፤ ጉርምርምታው በተራራው በኩል ነው፣ ከላይ።

"እሺ እማ" አልኩ። ገባሁና በሩን ከኋላዬ ገጥሜ መብራት የሌለውን ሞንታርቦ ማዞሪያ ቀጭ እስኪል ወደ ግራ አዞርኩላት። "ጎሽ" አለችና ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ወጥቼ ከሰሉ ላይ ውኃ ቸለስኩበት፣ ነጩንም አንሶላ ከነእርጥበቱ ከገመድ አነሳሁ።