በባዶ ትከሻ

ኮሜዲ ያስቃል የሚል ሰው አከራዬን እትዬ ጥሩወርቅን አያውቃቸውም።

ንፋስ መውጫ ሳስተምር ነው። ለገና ወደ ቤተሰቦቼ መሄድ ስላልቻልኩ ምሳ ጋበዙኝ። እኔም በተራዬ ስልኬ ላይ የጫንኩትን የፍቅር ኮሜዲ ከፈትኩላቸው። ፊልሙም የገና ነው፤ እጮኛውን ጥሎ የጠፋ ወጣት በበዓሉ ቀን አበባ ይዞ በሯ ላይ ይቆማል።

እኔ እስቃለሁ፤ እሳቸው ፊታቸውን ቅጭም አድርገዋል።

«ድንጋዩስ?» አሉኝ።

«የምን ድንጋይ?»

«በባዶ ትከሻ ይቅርታ ይጠየቃል እንዴ? ድንጋይ ተሸክሞ ነው እንጂ!»

«ኮሜዲ እኮ ነው፣ እትዬ።»

ልጅቷ በሩን ከፍታ ተጠመጠመችበት።

«እስቲ የምትከፍትበትን መልሰው።»

መለስኩት። ደግመው አስመለሱኝ። በሦስተኛው ሳቄ አመለጠኝ።

«ያለ ድንጋይም ወደዱት ማለት ነው?»

በጣታቸው ወደ ደጃፉ አመለከቱኝ። ልብሴን ሳጥብ ሁልጊዜ የምቀመጥባት ድንጋይ ናት።

«የልጆቼ አባት ነው ያመጣት» አሉ። «እንደ ዛሬው በገና ተሸክሟት በሩ ላይ ቆሞ ዋለ። እኔ እልኸኛ ነበርኩ። ስከፍት እሷ ብቻ ነበረች።»