አባቴ የሚቆሙበት ቦታ

መርሳ ውስጥ በሱቄ ፊት ለፊት የሚያልፈው የወልድያ አስፋልት ድሮ ጉድጓድ ብቻ ነበር። መኪናው እየተንገጫገጨ ሲያልፍ አቧራው መደርደሪያዬ ድረስ ገብቶ ብስኩቱን ሁሉ ያለብሰዋል። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም፤ በየስብሰባው እየተነሳሁ መንገዱ ይሠራልን ብዬ ጮህኩ። ተሠራ። ምን ዋጋ አለው፣ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። መኪናው ሁሉ ይበር ጀመር። ለካ ያ ስንረግመው የኖርነው ጉድጓድ ዘበኛችን ኖሯል።

ጭንቀቴ አባቴ ነበሩ። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ነው፤ ቤተክርስቲያኑ ከአስፋልቱ ማዶ። አባቴ ጠዋት ጠዋት በትራቸውን ይዘው፣ ከሱቄ ወደ ሲሪንቃ በኩል ትንሽ ከፍ ብለው ይሻገራሉ። ዝም ብለው ቢሻገሩማ ምን ነበረበት! ማዶ የተሠሩት ፎቆች ቤተክርስቲያኑን ጋርደውታል። ጉልላቱ የሚታየው በሁለት ፎቆች መሀል ባለች ክፍተት ነው፤ እሱም መሀል አስፋልት ላይ ሲቆሙ ብቻ። አባቴም እዚያው ይቆማሉ። ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ ያማትባሉ፣ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ይላሉ። ክላክስ ሲነፋባቸው በትራቸውን ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ፤ ቆይ ማለታቸው ነው። እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ነፍሴ ትወጣለች።

ቤተክርስቲያኑ ደርሰው እንዲሳለሙ ስንቴ ለመንኳቸው።

«ቤቱ እየታየኝ አንገቴን ደፍቼ ልለፍ?» ይሉኛል። «ሰው እንኳ ከሩቅ ሲታይ ሰላም ይባላል።»

አንድ ቀን ጠዋት ተሳቢ መኪና ፍሬኑ እየጮኸ መጥቶ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። በትራቸው ወደቀ። ሮጬ ደረስኩና ሹፌሩ ላይ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት። አባቴ በትራቸውን አንስተው የቀረቻቸውን አንዲት ስግደት ጨረሱ። ያን ጊዜ ንዴቴ ወደሳቸው ዞረ። ከእንግዲህ ብቻዎን አይወጡም አልኳቸውና በትሩን ወስጄ ከሱቁ ባንኮኒ ሥር አስቀመጥኩት።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ግቢ ውስጥ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ይውላሉ፤ ምሳቸውም እንደቀረበ ይመለሳል። እሑድ እሑድ ክንዳቸውን ይዤ ሳሻግራቸው እንኳ መሀል ላይ አላስቆማቸውም፤ እየጎተትኩ ነው የማሳልፋቸው። መኪና እንዳይገድልብኝ ብዬ እኔው ልገድላቸው ነው እያልኩ አለቀስኩ። በትሩን ግን አልመለስኩም።

የሰፈሩም ሰው ፈርቶ ስለነበር የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራልን ብለን ፈርመን አመለከትን። ቀበሌ ሄድን፣ ወልድያ ሄድን፣ ነገ ተመለሱ ተባልን፣ ተመለስን። በመጨረሻ አንድ መሐንዲስ ሠራተኞችና ቀለም ይዞ መጣ። እዚህ ሰፈር የሚሠራው አንድ ጉብታ ብቻ መሆኑን ነገረንና ሰው በብዛት የሚሻገረው በየት እንደሆነ ጠየቀን።

ሁሉም የየራሱን በር አሳየ። መኪና ቀስ ካለ ተሳፋሪ ይወርዳል፣ ውሃም ብስኩትም ይገዛል፤ ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ለምን እዋሻለሁ፣ የእኔም ጣት ወደ ሱቄ በር ተዘረጋች። የአባቴ ነገር ከአእምሮዬ ጠፋ።

ከማዶ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ብቻ እጃቸውን አላነሱም ነበር። ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ በርሽ እዚህ ነው፤ አባትሽ የሚቆሙት ግን እዚያ ነው» አሉኝ። «ሱቅ ስከፍት ‹ያ አላህ ጠብቃቸው› ሳልል የዋልኩበት ቀን የለም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሱቅ ገብቼ ከባንኮኒው ሥር በትሩን አወጣሁና ግቢ ሄጄ ለአባቴ ሰጠኋቸው። የሚሻገሩበትን እንዲያሳዩን ለመንኳቸው። ሠራተኞቹ መኪናውን በሁለቱም ወገን አስቆሙ። አባቴ ቀስ ብለው ወጡ፣ መሀል ላይ ደረሱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ሦስቴ ጎንበስ እስኪሉ መሐንዲሱ ቆቡን በእጁ ይዞ ጠበቃቸው። ከዚያ ከእግራቸው ሥር ነጭ ቀለም አሰመረ።

«ምን እየጻፈብኝ ነው?» አሉኝ አባቴ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ጉብታው ተሠራ፣ ዜብራውም ተቀባ። ነጋዴው ሁሉ ትንሽ አኮረፈ፤ ቢሆንም ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው በዚያው ነውና ቶሎ ተወው። አባቴም ብቻቸውን መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ሰሞን በር ላይ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሐጂ ያዩትን ሊነግሩኝ አስፋልቱን ተሻግረው መጡ። ጠዋት አንድ የተሳቢ ሹፌር ጉብታው ላይ ሲደርስ አባቴን አይቶ ቆመ፤ ምን እንደሚያዩ ዞር ብሎ ሲያይ ጉልላቱን አየ፤ ባርኔጣውን አውልቆ አብሯቸው አማተበ። ከኋላው የተሰለፉትም አንድ ክላክስ እንኳ አልነፉም። ሐጂ እኔም አይቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።

አላየሁም። ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ ነበር፤ አባቴ መውጣታቸውንም ረስቼው ነበር።