የጎሚስታው ቦታ

በአውቶቡስ ድርጅቱ ጋራዥ ጎማ የሚጠግነው ሰው በድርጅቱ የእግር ኳስ ቡድን ውስጥም ሥራው ያው ነበር። ቀኝ ተከላካዩ ሲታመም እዚያ ይገባል፤ የግራ መስመሩ ልጅ ሲቀጣ እዚያ ይሮጣል። አንድ ጊዜ በረኛው ሠርግ ሄዶ ሲቀር ጓንት አጥልቆ ቆሞ አምስት ገብቶበታል። የቡድን ጓደኞቹ «ቀዳዳ ባለበት ጎሚስታው አለ» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከዓመት ዓመት እያጠረ መጥቷል።

የራሱ ቦታ ከአጥቂው ኋላ ነው። ድርጅቱ የቀጠረውም እዚያ ሲጫወት አይቶት ነው። ቦታው ግን ምንጊዜም ባለቤት አያጣም። መጀመሪያ የያዘው ትኬት ቆራጭ የነበረ ልጅ ነው፤ የሚያቀብለው ኳስ ተከላካዮችን ለሁለት ስለሚሰነጥቅ «ምላጩ» ይሉታል። ምላጩ ወደ ትልልቅ ክለቦች ሄዶ በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር አሰልጣኞቹ ቦታውን ለአንዱም ለሌላውም ሰጡ፤ ለጎሚስታው ግን አልደረሰውም። በዚህ ዓመት መጀመሪያ አሰልጣኙ ጋራዥ ድረስ መጥቶ ዘንድሮ ቦታው ያንተ ነው አለው። ጎሚስታው ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል። ጉልበቱ ከዚህ ዓመት እንደማያልፍ ስለሚያውቅ ለሚስቱ ይህቺ የመጨረሻዬ ናት ብሎ ነግሯታል። ፀጉር ቤት የምትሠራው ሚስቱም ከዚያ በፊት ሜዳ ደርሳ ባታውቅም ቅዳሜ ቅዳሜ ደንበኞቿን ለባልደረባዋ እየተወች ትመጣ ጀመር።

ነገሩ እንዲህ አምሮ ሳለ፣ አንድ ማክሰኞ ልምምድ ላይ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ምላጩን አስከትሎ ገባ። ማንም የሰማ የለም። ሰውየው ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ወገቡ ትንሽ ሞልቷል፣ ፈገግታው ግን በፖስተር ላይ የነበረው ነው። ኳስ በጀመርኩበት ሜዳ ተጫውቼ ልሰናበት መጣሁ አለ። ሁሉንም ዞሮ አቀፈ፤ ጎሚስታው ጋ ሲደርስ ትከሻውን ይዞ «አንተ ልጅ፣ አሁንም አለህ?» አለው። ጥያቄው ከልብ የመጣ ደስታ ነበረበት። ጎሚስታውን ያበሳጨውም ይኸው ነው፤ ሰውየው ክፉ ቢሆን ይቀልለው ነበር።

አሰልጣኙ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ለጊዜው ቀኝ ተከላካይ ሆነህ አግዘኝ አለው። አንተ ትሮጣለህ፣ እሱ ያስባል። ጎሚስታው እሺ አለ።

ማታ ሚስቱ «ሰው ቤቱን ሲቀማ እሺ ይላል?» አለችው።

«ኳስ ነው እኮ፣ ቤት አይደለም።»

«ታዲያ ራትህን ምን አስተወህ?»

ከዚያ በኋላ የተጫወቱት ጨዋታ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ምላጩ መሐል ሜዳ ቆሞ እጁን ይዘረጋል፣ ኳስ ይመጣለታል፣ ያቀብላል፣ ተመልካቹ ከመቀመጫው ይነሣል። ኳስ ሲነጠቅ ግን ወገቡን ይዞ ይቆማል። ያን ጊዜ የእሱን ሜዳ ጭምር የሚያካልለው ጎሚስታው ነው። ቡድኑ ማሸነፍ ጀመረ። ሾፌሮች ጨዋታ ለማየት ፈረቃ ይለዋወጡ ነበር። አንዱ ሾፌር ሰኞ ጠዋት የተነፈሰ ጎማ ይዞ መጥቶ ምላጩን አየኸው ወይ ብሎ ጠየቀው። ጎሚስታው ቸርኬውን እየፈታ «አብሬው ነበርኩ» አለ።

«ውይ፣ አንተም ነበርክ እንዴ?»

በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ቡድኑ አንድ ለዜሮ እየመራ ሳለ በረኛው ከክልሉ ወጥቶ ሰው ጠለፈና በቀይ ካርድ ተሰናበተ። አሰልጣኙ ቅያሪውን ጨርሷል። የበረኛውን ጓንት ተቀብሎ መስመሩ ላይ ቆመና ወዲያ ወዲህ ሳያይ ጎሚስታውን ጠራ። ጎሚስታው መጣ፤ እጁን ግን አልዘረጋም።

«አልገባም፣ ኮች።»

«ምን አልክ?»

«ሌላ ሰው ፈልግ። እኔ ቦታዬ ከአጥቂው ኋላ ነው።»

በዚህ ቡድን ውስጥ ከዚህ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም። ዳኛው ሰዓቱን ማየት ሲጀምር ምላጩ እየተራመደ መጣና ጓንቱን ከአሰልጣኙ እጅ ወሰደ።

«ተወው ኮች፣ እኔ እገባለሁ። እንዲያውም እዚያ መቆሙ ያሳርፈኛል።» ወደ ጎሚስታው ዞሮ «ሂድ፣ ቦታህ ግባ» አለው።

ሜዳው ጣሪያ ቢኖረው ጩኸቱ ያነሣው ነበር። ጎሚስታው በቀረው ጊዜ ስንት ዓመት ሙሉ በሐሳቡ የተጫወተውን ኳስ ተጫወተ። አንዱን አታሎ ሁለተኛውን አለፈ፤ በሁለት ተከላካዮች መሐል ያሾለከውን ኳስ አጥቂው ብቻውን አግኝቶ ከአግዳሚው ጋር አላተመው። ነገር ግን ተመልካቹ አንገቱን ያዞረው ወደ ሌላው ጫፍ ነበር። እዚያ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ጓንት አጥልቆ ለመጣውም ላልመጣውም ኳስ ይወረወራል። በመጨረሻው ደቂቃ የተመታበትን ቅጣት ምት በጣቶቹ ጫፍ አወጣው። በቃ፣ ከነጓንቱ ትከሻ ላይ አወጡት።

ጎሚስታውን ሚስቱ የሜዳው በር ላይ ጠበቀችው። ለአጥቂው ያቀበላትን ኳስ አይታ እንደሆነ ጠየቃት።

«ልዋሽህ?» አለች። «ፊቴ ያሉት ሁሉ ምላጩን ለማየት ተነሥተው ከለሉኝ። ወንበር ላይ ብወጣም አልሆነም።»

ሰኞ አሰልጣኙ ጋራዥ መጣ። ጎሚስታው አውቶቡሱን በክሪክ አንሥቶ የኋላ ጎማ እየገጠመ ነበር፤ ከቡድኑ ተባረሃል ሊለኝ ነው ብሎ ቀና ሳይል ጠበቀ። አሰልጣኙ ጎማውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገ። ምላጩ በዚያ ሁሉ መወርወር ወገቡን ተጎድቶ ከአልጋ መውረድ አቅቶታል አለ።

«ቅዳሜ ከአጥቂው ኋላ አንተ ነህ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪሻለው ነዋ።»

አሰልጣኙ ሄደ። ጎሚስታው ቁልፉን ብሎኑ ላይ እንደሰካ ቆየ። ለምላጩ ሊያዝን ሞከረ፤ ጓንቱን የወሰደው እሱን ከጭቅጭቅ ለማውጣት መሆኑን ያውቃል። ሆኖም ሐሳቡ ወደ ሌላ ሄደበት፦ ወገብ በዚያ ዕድሜ ቶሎ አይድንም፤ ወሩን ሊፈጅ ይችላል፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ደስ አለው። ደስ ማለቱ ደግሞ አናደደው። በንዴት ብሎኑን ከሚገባው በላይ አጥብቆ ኖሮ፣ ሊያላላው ሲታገል ሾፌሩ መጥቶ ይህ አውቶቡስ ዛሬ ይወጣል ወይስ አይወጣም አለው።