በባዶ ሲሚንቶ ላይ የተቀመጥነው ለቅሶ

የያዙኝ ከሁምቦ ገበያ ነው። ጥፋቴ፣ ልጆቹ ሲያነቡ ሰምቼ፣ አዲሱ መማሪያ መጽሐፍ ቋንቋችንን ከሌላ ጋር ቀላቅሎ አበላሽቷል ብዬ በስብሰባ መናገሬ። ሶዶ አምጥተው፣ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን በነበረ ክፍል አስገቡኝ። አሥራ ስምንት ሰው ነበርን። ሽታው ዓይን ያቃጥላል።

ሚስቴ በየሁለት ቀኑ ቦይና የሚባለውን የአገራችንን ሥራሥር ቀቅላ ታመጣ ነበር። አንድ ቀን ምግቡን ወንድሟ አመጣ። አብሮን የታሰረና በር ላይ ስንቅ የሚቀበልልን አስተማሪ "ሥራ በዝቶባት ነው፤ ብላ" አለኝ። በላሁ። እንዲያውም በአማቼ ቀልጄ ሁሉንም አሳቅኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከእስረኞቹ አንዱ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ቀሰቀሰኝ። ከምንጠጣው ጀሪካን ውሃ ቀድቶ "ወንድሜ፣ ፊትህን ታጠብ" አለ። በእኛ አገር መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ውሃውን ሳይ ገባኝ።

"ማን ነው?"

"ትንሿ ልጅህ። ወባ ነው። ሁለቱ ጎረቤቶችህ ጉድጓዱን ቆፈሩ፤ ሰው ሁሉ ወጥቶ ቀበራት።"

"መቼ?"

"ከትናንት ወዲያ።"

"ታዲያ ትናንት ስስቅ ዝም አላችሁኝ?"

"በባዶ ሆድህ እንዳትሰማ ብለን ነው" አለ አስተማሪው። ልመታው ተነሳሁ። ሽማግሌው መሃል ገባ።

ረፋድ ላይ መርማሪው አስጠራኝ። "እግዜር ያጽናህ" አለና ወረቀት ገፋልኝ። "ጣትህን አሳርፍና ዛሬውኑ ለቅሶህ ላይ ድረስ።"

ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። "አንብብልኝ" አልኩት።

አነበበ። ሰውን በመጽሐፉ ላይ ያነሳሱት ሁለቱ ጎረቤቶቼ ናቸው ይላል።

"እነዚህ እኮ የልጄን ጉድጓድ የቆፈሩ ናቸው።"

"አንተ ደረቅ! ሚስትህ አታሳዝንህም?"

"ታሳዝነኛለች" አልኩ። እጄን ጨብጬ ወጣሁ።

ተመልሼ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ምንጣፉን ጠቅልሎ አጠገቤ ተቀመጠ። አስተማሪውም እንደዚያው። ከዚያ ሁሉም። ዘበኛው "ይሄ ለቅሶ ቤት መሰላችሁ? ዘርጉ!" ብሎ ጮኸ። ማንም አልዘረጋም። ሦስት ቀን እንዲያ ሆንን።

አሁን አርጅቻለሁ። ከጎረቤቶቼ አንዱ ሞቷል፣ ሌላው አለ። ስለ ወረቀቱ ነግሬው አላውቅም። ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም ቢሆን ጣቴን አልሰጥም። ግን ያን ሰሞን ለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ ሚስቴ ብቻዋን ነው የተቀበለችው። የተፈታሁ ዕለት "ያኔ ለለቅሶው እንልቀቅህ ብለው አልጠየቁህም?" አለችኝ።

"አልጠየቁኝም" አልኳት። እስካሁን አላረምኩትም።